በኬሚስትሪ ስለተሰጠችው ሲ

ለተከበሩ ዶክተር ፕሩዊት
የኮሌጁ ሬጅስትራር

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝ እመኛለሁ። የመሥሪያ ቤትዎን ደህንነት ግን ባለፈው ማክሰኞ ለሦስት ሰዓት ያህል ተሰልፌ ስላረጋገጥኩ አልጠይቅም። ይህን በወረዳችን ጋዜጣ ያወጣሁትም ቀደም ሲል የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መንገድ ላይ ደክሟቸው ይሆናል ብዬ ነው።

ልጄን ኮራን ቤት ውስጥ ያስተማረቻት ባለቤቴ ሎሪን ነበረች፤ አራት ዓመት፣ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ሃያ አራት ክሬዲት። ሕጉ እንደሚፈቅደው መምህሯም ርዕሰ መምህሯም እሷ ነበረች። ኮራ የምትፈልገው በነሐሴ ወደሚጀምረው የነርስነት ትምህርት መግባት ብቻ ነው። ለዚያ ኮሌጁ በኬሚስትሪ ቢ ይጠይቃል። ሎሪን ሲ ሰጠቻት። በውጤት ወረቀቱ ጠርዝ ላይም «የአሲዱ ምዕራፍ አልገባትም፤ በግንቦት እንደገና ትፈተን» ብላ ጻፈች። በሚያዝያ ሞተች።

ስለሆነም የሚከተለውን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

፩. የሞት ምስክር ወረቀቷን ከላክን በኋላ «ርዕሰ መምህርት ሎሪን ስትራውድ» በአካል ቀርባ እንድታስረዳ ሁለት ጊዜ ተጠርታለች። ሁለተኛው ጥሪ ማስጠንቀቂያም ነበረበት። በሕይወቷ ቀጠሮ አሳልፋ አታውቅም ነበርና ስለ እሷ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪. እናንተው ፈትኗት ብዬ ለምኜ ነበር። ድጋሚ ፈተና መስጠት የሚችለው ውጤቱን የሰጠው ትምህርት ቤት ብቻ መሆኑ በጨዋ ቋንቋ ተብራርቶልኛል። ትምህርት ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከጥዱ ሥር ተቀብሯል። ስለ ማብራሪያው አመሰግናለሁ።

፫. ኮራ የእናቷን ሞርፊን አርባ አንድ ቀን በጠብታ ስትለካ አንዴም አልተሳሳተችም። ቤት እየመጣች የምታያት ነርስ የጠብታውን መዝገብ አገላብጣ «አንቺ ልጅ፣ ከሥራዬ ልታስባርሪኝ ነው እንዴ?» ብላታለች። ይህ ክሬዲት እንደማያሰጥ ተነግሮኛል።

፬. እናቱ ቤት ያስተማረችው የጎረቤቴ ልጅ ኤ ይዞ ገብቷል። የኬሚስትሪ መጽሐፉ ዛሬም ከነላስቲኩ መደርደሪያ ላይ መሆኑን እናቱ ራሷ ስቃ ነገረችኝ። «ቆይ ዌንደል፣ ሎሪንን ምን ነካት? ለገዛ ልጇ!» አለችኝ። መሥሪያ ቤትዎ እናቶች ለልጆቻቸው ኤ ያድላሉ ብሎ ሲጠራጠር ኖሮ፣ ያላደለች አንዲት እናት ሲያገኝ ልጇን መለሰ።

፭. ማክሰኞ መስኮቱ ላይ የነበረችው ሠራተኛዎ ደግ ሴት ናት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ እሳቸው ካረፉ አሁን ትምህርት ቤቱ እርስዎ አይደሉ? ሲዋን ቢ ማድረግ ምን አላት! እኛ የምናየው ፊርማውን ነው» አለችኝና እስክሪብቶ ዘረጋችልኝ። ተቀበልኳት። ቤት ገብቼ የውጤት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ልቀይራት ፈልጌ ነበር፤ አልዋሽም። ኮራ አየችኝ።

«አባዬ ተው። አሲዱ ያኔ እውነትም አልገባኝም ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ገብቶኛል። ግን አንተ በምን ታውቃለህ?»

እኔ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ከብት አርቢ ነኝ። በምንም አላውቅም።

ዲፕሎማዋን ፈርሜያለሁ፤ ሲዋም እንዳለች ናት። ቦታዋ ዓርብ ለሌላ መሰጠቱን የሚገልጸው ደብዳቤ በዕለቱ ደርሶናል። ከመሥሪያ ቤትዎ በሰዓቱ የደረሰን የመጀመሪያው ስለሆነ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ኮራ ሰኞ የዶሮ ማረጃው ፋብሪካ ሥራ ትጀምራለች። እዚያ ስለ አሲድ የሚጠይቃት የለም።

ለትክክለኛነት ያለዎትን ጥንቃቄ እያደነቅሁ፣ ታመው በተኙ ቀንም መድኃኒትዎን የሚለካልዎ ኤ ያለው ሰው እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣

በፍጹም አክብሮት
ዌንደል ስትራውድ
ተጠባባቂ ርዕሰ መምህር

ማስታወሻ፦ የዚህ ደብዳቤ ዋናው በፖስታ ተልኮልዎታል፤ እስክሪብቶውም አብሮት አለ። የኮሌጁ ስም ታትሞበታል። አልጻፍኩበትም፤ ለሚቀጥለው ወላጅ ያገለግላል።