ከግንቡ ውጭ ሒሳብ ለምታጠናው እህቴና ክፍሉን ለቆለፉልን ኃላፊ

ሰብልዬ፣ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት እንደ ሁልጊዜው አንብቢልኝ፤ የተሳሳትኩትን በቀይ አስምሪበት። ስድብ ካገኘሽበትም አውጪው፤ በትልቅ ሰው ላይ አፍ መክፈት እንደማትወጂ አውቃለሁ።

ለተከበሩ አቶ ዓለማየሁ
የሰፈራችን የወጣቶች ማዕከል ኃላፊ
ሐዋሳ

የእርስዎ፣ የቤተሰብዎና የአሥራ ሁለቱ ኮምፒውተሮችዎ ጤንነት እንደተጠበቀ ተስፋ በማድረግ ሰላምታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናሆም ነኝ። እህቴን ሰብለን ከቀበርናት ሁለት ሳምንት ሆነን። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። እርስዎን የማመሰግንባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ የኮምፒውተር ክፍሉን ቆልፈው፣ ኮምፒውተሮቹን ዳንቴል አልብሰው፣ የተማሪ እጅ ሳይነካቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ስላቆዩልን እናመሰግናለን። ዘበኛው ጋሽ ጌታቸው እንዲከፍቱልን ስንለምናቸው፣ “ልጆቼ፣ እኔም ውስጡን የማየው እንግዳ ሲመጣ ነው” ይሉን ነበር።

ሁለተኛ፣ ክፍሉን ቢቆልፉም ኢንተርኔቱን ስላላጠፉት ምስጋናዬ ከልብ ነው። ከግንቡ ውጭ፣ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ እስካለው ድንጋይ ድረስ ይመጣል፤ አንድ እርምጃ ካለፉ ግን የለም። ሰብለ ለብሔራዊ ፈተናው የሚሆኑ ነጻ የሒሳብ ቪዲዮዎችንና ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን እዚያ ተቀምጣ በእማማ ስልክ ታወርድ ነበር። ያልገባትን ሦስት ጊዜ መልሳ አይታ ለእኔ ታስረዳኛለች። ድንጋዩ ለሁለት ሰው ይጠባል። እሷ ሁልጊዜ በመንገዱ በኩል፣ እኔ በግንቡ በኩል ነን። እንቀያየር ባልኳት ቁጥር፣ “አንተ ሊቅ፣ መጀመሪያ ክፍልፋይ መደመር ልመድ” ትለኝ ነበር።

ግንቦት አሥራ አራት፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ መንገዱን የሳተ ባጃጅ ድንጋዩ ላይ ወጣ። ከእኔ የተላጠው ክርኔ ብቻ ነው።

ማዕከልዎ ማኅተም ያረፈበት የሐዘን መግለጫ ልኮልናል። “በመንገድ ዳር በደረሰ ድንገተኛ አደጋ” ይላል። መንገድ ዳር ምን ትሠራ እንደነበር አልተጻፈም፤ ወረቀቱ ጠቧችሁ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ እንግዶች የመጡ ዕለት ሰብለን ከድንጋዩ ላይ አስጠርተው ኮምፒውተር ፊት ስላስቀመጧት፣ ፎቶዋንም “በነጻ ኢንተርኔት የሚማሩ ወጣቶቻችን” ብለው ኮሪደርዎ ላይ ስለሰቀሉት እናመሰግናለን። ኮምፒውተሩ እንዳልተሰካ ለማንም አልተናገረችም፤ ቤት መጥታ ለእኔ ነገረችኝና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ፎቶው ላይም ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ይታያል። እማማ እንዲህ ያለ ፎቶ ስለሌላት፣ ግድግዳዎን የማያጎድልብዎ ከሆነ እንዲሰጧት እለምናለሁ።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ክፍሉን ቢከፍቱልን ዳንቴሎቹን እኛው አጥበን፣ አጣጥፈን እናስቀምጣለን።

ለቁልፍዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከግንቡ ውጭ ሆኜ እጅ የምነሳዎት፣
ናሆም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለቀስተኛው በተበተነ ማግስት፣ ጠዋት ብቻዬን ወደ ድንጋዩ ሄድኩ። መስታወቱ የተሰነጠቀው ስልክ ኢንተርኔቱን አስታውሶ ራሱ ተገናኘ፤ ቪዲዮውም እሷ ካቆመችበት ከሰባተኛው ደቂቃ ቀጠለ። ስላልገባኝ ሦስት ጊዜ መለስኩት። ትንሽ ቆይቶ የጎረቤታችን ልጅ ኢክራም ደብተሯን ይዛ መጣች። እሷን በግንቡ በኩል አስቀመጥኳት። ምናልባት ቢፈልጉኝ፣ ክፍሉ እስኪከፈት ድረስ በመንገዱ በኩል የምቀመጠው እኔ ነኝ።