ባዶው ብልቃጥ

ውድ መሪጌታ መልከ ጼዴቅ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ኪዳነ ማርያም ነው። ለጉዳዩ አዲ አርቃይ ሲወርድ እርስዎ ያሉበት ጠበል ድረስ ታጥፎ እንዲሰጥዎ ለምኜዋለሁ። ቢቆጡኝ ይቆጡኝ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። ለዓይንዎ ብዙ ጊዜ የለንም።

ከጎንደር የምርመራው ውጤት የመጣ ዕለት ከጤና ጣቢያችን ሐኪም አፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘው እንደ ወጡ ይገባኛል። «የዓይን ቆብዎ እብጠት ከላብ ዕጢ የሚነሣ፣ እምብዛም የማይገጥም የቆዳ ካንሰር ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ከቆየ ግን ዓይኑን እስከ ማውጣት ሊያደርስ ይችላል» አለዎት። ጋቢዎን ሰብስበው ተነሡና በሩ ላይ ሲደርሱ፣ «ልጄ፣ በእኛ ግድግዳ በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ» አሉኝ። አውቃለሁ። ጻድቅ ፊት ለፊት ሆኖ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ኃጥእ ግን ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ይሣላል። በማግሥቱ ጠበል ወረዱ ተባለ።

ጠበሉን አልነቅፍም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ነገር ግን «ከቆየ» የምትለዋን ቃል ሳይሰሟት ነው የሄዱት። አሁን ከመጡ ዓይንዎን ማትረፍ ይቻላል ይላሉ ሐኪሞቹ። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እርጥበት የበላው የሥዕል አቡጀዲ ሲገጥምዎ የጠቆረውን ብቻ ቆርጠው ያውቃሉ? ደህና የሚመስለውንም ጨምረው ይቆርጣሉ፤ ጠርዙን ወደ ብርሃን ይዘው ያያሉ፤ ንጹሕ ካልሆነ ይደግሙታል። አዲሱን የሚለጥፉት ከዚያ በኋላ ነው። ጎንደር ያሉት ሐኪሞች በዓይንዎ ቆብ ላይ የሚሠሩትም ይህንኑ ነው። ጠርዙ ንጹሕ መሆኑን በመሣሪያ አይተው፣ ከሌላ ቦታ ቆዳ ወስደው ቆቡን መልሰው ይሠሩልዎታል።

አሁን የደበቅሁትን ልንገርዎ። ያቻምና ኅዳር 18 ቀን እብጠቱን መጀመሪያ የቆረጥሁት እኔ ነኝ። ቡግንጅ ነው ብዬ ነበር። ሥጋው ለምርመራ መላክ ነበረበት፤ ብልቃጡን አዘጋጅቼ ስምዎንም ጽፌበት ነበር። ግን ሥጋው የሚነከርበት መድኃኒት አልቆ ነበር፣ ወደ ጎንደር የሚሄድ መኪናም አልነበረም፣ እኔም ደክሞኝ ነበር። ሥጋውን ማቃጠያው ጉድጓድ ውስጥ ጣልሁት። በታኅሣሥ መጥተው «ምን ተባለ?» ሲሉኝ፣ «ነጻ ነው ተብሏል» አልሁዎት። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ «እግዜር ይስጥሽ» ብለውኝ ሄዱ። «ሳይቃጠል በቅጠል» እያልሁ እናቶችን የማስተምር ሴት እኔ ነኝ! ዘንድሮ እብጠቱ ሲመለስ ሐኪሙ ቆርጦ ላከውና ጉዴ ወጣ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የት እንዳሉ ልጠይቅ ብዬ ቤተ ክርስቲያንዎ መጣሁ። ጉሙ ከገደሉ ሥር ወጥቶ በመስኮቱ ይገባ ነበር። ቄሰ ገበዙ አባ አለነ መጋረጃውን ገለጡልኝ። ጀምረው በተዉት የምጽአት ሥዕል ላይ አርባ ያህል ጻድቃን ቆመዋል፤ አንዳቸውም ዓይን የላቸውም። ዓይን የሚሠሩት መጨረሻ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ያ ሁሉ ባዶ ፊት ወደ እኔ ዞሮ ይጠብቅ ነበር።

ዓይን ያላት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። በሴቶች በር በኩል፣ ከኃጥአን መካከል፣ ወደ ጎን ዞራ ቆማለች። አረንጓዴ የሥራ ልብሴን ለብሳለች። ግንባሯ ላይ የእኔው ጠባሳ አለ። በእጇ ብልቃጥ ይዛለች፤ ብልቃጡ ባዶ ነው።

«አባ፣ መሪጌታ ይህችን መቼ ሣሏት?» አልሁ።

«እርሷንማ ከሣሏት ቆዩ እኮ። ያቻምና የኅዳር ጽዮን ዋዜማ ለታ ነው። ማን ናት ብንላቸው፣ ‹ስሟን እርሷው መጥታ ትነግራችኋለች› አሉን።»

በቆረጥሁ በሁለተኛው ቀን መሆኑ ነው፤ ገና ሳልዋሽዎ። ጉድጓዱ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ነው፤ እርስዎ ከተኙበት አይታይም። ለማንም አልተናገርሁም። እንዴት እንዳወቁ አልጠይቅዎትም፤ መልሱን እፈራለሁ። ከዚያ ወዲህ መስታወት ባየሁ ቁጥር ፊቴ ወደ ጎን የሚዞር ይመስለኛል። ጠዋት ጠዋት የዓይኔን ቆብ በጣቴ እዳስሳለሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። እዚያው ቆሜ ስሜን ለአባ አለነ ነገርኋቸው። ሰኞ ደግሞ ለሐኪሙና ለኃላፊዬ ሁሉንም ተናገርሁ። ከሥራ ቢያባርሩኝም ጎንደር ድረስ አብሬዎት እሄዳለሁ። የሚመጣው ሰኞ አልጋ ተይዞልዎታል። ኪዳነ ማርያም ዓርብ ይመለሳል፤ እባክዎ አብረውት ይሳፈሩ። መኪናው መቆሚያ ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ።

ሲድኑ ወደ ግድግዳዎ ይመለሱ፤ አርባዎቹ ዓይናቸውን እየጠበቁ ነው። የእኔን አንድ ዓይን እንዳለ ይተዉት፤ ይገባኛል። ብልቃጡን ብቻ ይሙሉልኝ።

ስሟን የተናገረችው፣
የሺወርቅ