በእናቴ በር ሥር ያበጠው ባትሪ

ሞተረኛው ባሌ፣

ከኤሌክትሪክ ሞተርህ ጋር የወደቀው ባትሪ አብጦ፣ እናቴ መኝታ ቤት በር ሥር ቻርጅ ላይ አገኘሁት። «ምንም አይሆንም፣ አታካብጂ» ያልከኝ ይሄንኑ ነው። እሷ ያለ ምርኩዝ አትነሳም። ቢፈነዳ በየት ልትወጣ ነበር?

ነቅዬ፣ አለመጋሉን አይቼ፣ ግቢው መሃል ሲሚንቶው ላይ አስቀምጬዋለሁ።
እንዳትከፍተው። ዳግም ቻርጅ እንዳታደርገው። ቆሻሻ ውስጥ እንዳትጥለው፣ ታክሲም ይዘኸው እንዳትገባ። ከጨሰ አትጠጋው፤ እሳት አደጋ ጥራ። አሮጌ ባትሪ የሚሰበስቡት ሰዎች ከሰዓት መጥተው ይወስዱታል። በር ክፈትላቸው፣ መውደቁንም ሳትደብቅ ንገራቸው።

ሲወድቅ አይቼ ዝም ያልኩት እኔም ነኝ። አልክድም።

እናቴን እህቴ ቤት ወስጃታለሁ። ስንወጣ «ደህና ዋል በይልኝ» ብላለች።
እኔ አላልኩም።