ወፍ ያላረፈበት ገብስ

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ሻል አለሽ ወይ? የጉና ውርጭ ዘንድሮስ ማረሽ? እኔ በሥጋዬ ደኅና ነኝ፤ ሌላውን እግዜር ይወቅ። የሚያነብልሽን ሰው አይተሽ አትቆጪ፤ እባክሽ እስከ መጨረሻው ስሚው።

አምና የመሥሪያ ቤቱን የፊልም ካሜራ ይዤ መጥቼ ሦስት ቀን ገብስሽ ዳር ስገተር፣ ገብስ አታውቅም ወይ ብለሽ ስቀሽብኛል። ሥራዬ የሰልፍና የስብሰባ ፊልም ማሳየት ነው፤ ሁሉም ይጮኻል፣ ሁሉም ይፎክራል። እኔ ደግሞ ማንም የማይናገርበት አጭር ፊልም አማረኝ። ጉም ከጉና ሲወርድ፣ ገብሱ ሲተኛና ሲነሣ፣ ወፎች ሲያርፉ፤ ስምንት ደቂቃ፣ በቃ። ባየሁት ቁጥር ልቤ ይረጋ ነበር።

ያኔ ወንድሜ በላይነህ ከውትድርና ምልመላው ሸሽቶ እብናት ገብቷል ብለሽኝ ነበር። አመንሁሽ።

ፊልሙ አዲስ አበባ ታጥቦ ሲመጣ ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች አሳየሁ። ገሚሱ አዛጋ፣ ገሚሱ ታሪኩ የታለ አለ። አንድ የምልመላ ሰው ግን ዓይኑን አልነቀለም። ድገመው አለኝ፤ ደገምሁ። አሁንም ድገመው አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቂኝ! የገበሬ ልጅ መሆኑን አጫወተኝና፣ ወፎቹ ማሳውን ሁሉ ሲወርሩ ከድንጋዩ ሥር ያለችውን ጥግ ስለምን እንደሚሸሹ ጠየቀኝ። እንጃ አልሁት። ማሳው የማን ነው ቢለኝ፣ ደረቴን ነፍቼ “የእናቴ ነው” አልሁ።

ወፍ ሰው ካለበት አያርፍም። ይህን በልጅነቴ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ፊልሙን ባሳየሁ በሦስተኛው ቀን፣ እብናት ነው ያልሽኝን በላይነህን ከዚያች ጥግ አንሥተው ወሰዱት።

አንቺ ግን የጠቆመው ጎረቤታችን ጌጡ ነው አልሽ፤ ማሳው ከማሳሽ ስለሚዋሰን። ከማኅበር አስወጣሽው፣ ሰላምታ ነፈግሽው። ስታለቅሺ አጠገብሽ ተቀምጬ፣ ሁሉን እያወቅሁ፣ “ከሱ ሌላ ማን ይሆናል?” አልሁሽ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። ዓመት ሙሉ በሰው ስም ተሸሸግሁ።

ድሮ ደብዳቤዬን ሁሉ የሚያነብልሽ ጌጡ ነበር። ይህንንም የላክሁት ለእሱ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ለእኔ አዝኖ አንዳንዱን ቃል እንዳይዘልልኝ እፈራለሁ። ዝም ካለ ቀጥል በይው።

በላይነህን አምላክ በሕይወት ይመልስልሽ፤ እንባሽን ያብስልሽ። ምርቃትሽን ለመለመን ድፍረት የለኝም። ብቻ ጌጡን ደጅ አቁመሽው እንደሆነ፣ ግባ በይው።

ታናሹ ልጅሽ