ጠጋ በልልኝ

ረቡዕ፣ ጥር 14 ቀን

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንደምን ከርመሃል? መንገዱስ እንዴት ይዞሃል? "እኛ ደህና ነን" ብዬ ልጀምርልህ ነበር፤ ደክሞኝ ነው መሰለኝ ቃሉ አልመጣልኝም። አለን። እማዬ ትሰፋለች፣ እኔ እማራለሁ፤ ሲመሽ እራት እንበላለን፣ ሳህን አጥባለሁ፣ እንተኛለን። ክፍል ውስጥ አልፎ አልፎ እንቅልፍ ይጥለኛል። መምህራኑ ያዩኛል፤ ግን እንዳላዩ ያልፉኛል።

ይህን ደብዳቤ ለጎሚስታው እሰጠዋለሁ፤ ነገ በዚህ ስታልፍ ይሰጥሃል። ባለፈው ሳምንት ጎማ ልታስጠግን እሱ ዘንድ መጥተህ እንደነበር ነግሮኛል። ጭነትህን እስክታራግፍ መጋዘኑ በር ላይ ጋቢና ውስጥ እንዳደርክም ነግሮኛል። "ለእናትህ እንዳትነግራት ብሎኛል" ሲለኝ "እሺ" አልኩት። ከዚያ እስከ ቤታችን በእግር የሚመጣ መንገድ ነው። አልተቆጣሁም።

በወንድሜ ለቅሶ ላይ እማዬ በሰው ፊት የተናገረችህን እኔም ሰምቻለሁ። "ልጁ መንገድ ላይ ሲያተኩሰው ድካም ነው ብለህ ነዳህ። አሁን ባዶህን ምን ልትሠራ መጣህ?" አለችህ። አንተም ወጣህ። ከዚያ ወዲህ ቤት አልመጣህም፤ እሷም ስላንተ አንስታ አታውቅም። እኔ በሁለታችሁ መሃል ቀረሁ።

የትምህርቱን ነገር ልንገርህ። አርብ የእንግሊዝኛ የንግግር ፈተና አለብን። ቲቸር የምታለማምደን በጣም አጫጭር በሆኑ አስፈሪ ታሪኮች ነው። አንዱ ተማሪ ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር የምትሆን ታሪክ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ጥንዱ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ ተናጋሪው ወዲያው መመለስ አለበት። "ምላሳችሁን ያሰረው እፍረት ነው፤ የፈራ ሰው ማፈሩን ይረሳል" ትላለች። እውነቷን ነው። ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ሰምተነው የማናውቅ ልጅ ሁሉ ስለ መቃብርና ስለ ባዶ ቤት ሲሆን ይለፈልፈዋል።

ወንድሜ አንድ ክፍል ስለደገመ አብረን ነበር የምንማረው፤ ጥንዴም እሱ ነበር። የእሱ ታሪኮች ሁሉ የመኪና ናቸው። አንድ ቀን "ሾፌሩ በመስታወት ወደ ኋላ አየ። ተሳቢው የለም።" ብሎ ቁጭ አለ። ቲቸር "ይሄ ምኑ ያስፈራል?" ብትለው "አባቴን ይጠይቁልኝ!" አላት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ይህን ነግሮህ ነበር?

ከእሱ ወዲህ ብቻዬን እቀመጣለሁ። ሰኞ ዕለት ቲቸር አስቀርታኝ "ፈተናው በጥንድ ነው፣ የኔ ልጅ፤ እስከ አርብ ሰው ፈልግ" አለችኝ። ዓይኔን አላየችም። እኔም ሬዲዮን ጠየቅሁት። ሬዲዮ የምንለው ከነጋ የማይዘጋ ልጅ ስለሆነ ነው። "እኔማ መቼ ትጠይቀኛለህ እያልኩ ነበር!" ብሎ ትናንት ከትምህርት በኋላ ቤት ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

እማዬ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። ሬዲዮ ጉሮሮውን ጠራረገና በእንግሊዝኛ ጀመረ። ያለው ይህን ነው፦ ወንድሜ ከሞተ ቆየ። እኔ ግን አሁንም የምተኛው በአልጋችን ግማሽ ላይ ነው። ትናንት ቀዝቃዛ እጅ ትከሻዬን ነካ አደረገና "ጠጋ በልልኝ" አለኝ።

ሬዲዮ ተንኮል የለበትም። ከሆነ ቦታ ሸምድዶት ነው የመጣው፤ አፉ ከጨረሰ በኋላ ነው ጭንቅላቱ የደረሰበት። ፊቱ ቀላ። የመጠየቅ ተራው የኔ ነበር፤ አንድም ጥያቄ አልመጣልኝም። አባዬ፣ እኔም እስከ ዛሬ የምተኛው ግድግዳው በኩል ነው።

የስፌት መኪናዋ ቆመች። እማዬ "ምን አለ?" አለችኝ።

"ምንም። ስለ ድመት ነው።"

"ስለ ድመት ተወርቶ ነው ፊትህ አመድ የመሰለው?"

"ማዘር፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛው፣ ተረት እኮ ነው…" አለ ሬዲዮ።

"አንተን አልጠየቅሁም። እሱ ይንገረኝ።"

ነገርኳት፤ ምንም አልቀነስኩም። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ መቀሷን ከጭኗ ላይ አንስታ አስቀመጠችና ወደ ሬዲዮ ዞረች።

"እሺ፣ ከዚያስ? ጠጋ አለለት?"

ሬዲዮ እኔን አየኝ፤ እሷን አያት። "አይ… ጮኾ ሮጠ፣ ማዘር።"

"ለምን?"

"ሞቷላ!"

"ቢሞትስ? ወንድሙ አይደለም እንዴ? መኝታ ፈልጎ የመጣን ሰው ጮኸህ ታባርረዋለህ?"

"ማዘር ይሙቱ፣ ማስፈራት ስላለበት ነው እንጂ! ጠጋ ካለለትማ ማርክ የለውም።"

እማዬ ሳቀች። ሳቀች ነው የምልህ። አጭር ናት፤ በአፍንጫዋ ነው የወጣችው፤ ግን ሳቅ ናት። ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ተቋረጠና የምትሰፋውን ዩኒፎርም ታገላብጥ ጀመር። ሬዲዮ እንኳን ተዘጋ።

ቀና ሳትል "አባትህ የት ነው የሚያድረው?" አለችኝ።

ለጎሚስታው ቃል ሰጥቼ ነበር። ግን ደክሞኛል አባዬ፤ የአንዳችሁን ከሌላችሁ መደበቅ ደክሞኛል። "ጋቢና ውስጥ" አልኳት።

"እዚህ ሲመጣም?"

"እዚህ ሲመጣም።"

"በዚህ ብርድ" አለች። ደግሞ "በዚያ ወገቡ" አለች። ለእኔ ያለችው አልመሰለኝም። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት ደጋግማ ሞከረች፤ እምቢ ሲላት ተቀብያት አስገባሁላት። መርገጫውን መርገጥ ከጀመረች በኋላ በመኪናው ድምፅ ላይ ጮክ ብላ "አንተ ልጅ፣ ሌላ ንገረው እስቲ። ሰው የማይባረርበት ይሁን!" አለችው።

ሬዲዮም ስለ አንድ የሚያወራ ጫማ ነገረን። ጨርሶ አያስፈራም። ግን ጥያቄ ጠየቅሁት፤ መለሰልኝ።

አርብ ጠዋት እንፈተናለን። ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፤ እሷም ቤት ናት። "ይምጣ" አላለችም፤ እኔም ያላለችውን አልጨምርልህም። ያለችውን ግን ምንም ሳልቀንስ ጽፌልሃለሁ።

መሪ ላይ እንቅልፍ አይጣልህ፤ ፍሬንህ አይክዳህ፤ ፈጣሪ በሰላም ያግባህ።

ልጅህ