ትንፋሼ የመሰከረብኝ ጠዋት

ውድ የልጄ እናት፣

ስልኬን ባለማንሳትሽ አልተቀየምኩሽም። እኔም ብሆን እንደዚያ እየሸተተ የገባን ሰው "አልጠጣሁም" ቢለኝ አላምነውም ነበር። የሆነውን ግን ከሌላ ሳይሆን ከእኔው እንድትሰሚ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ያን ጠዋት አውቶቡሴን ላስነሳ ጋራዥ ገባሁ። ቁልፍ ከመረከባችን በፊት ሹፌሮች ሁሉ አልኮል መመርመሪያዋ ላይ እንተነፍስ የለ? ተነፈስኩ፤ ጮኸች። የስምሪት ኃላፊው ሳቅ ብሎ "እስቲ ድገመው፣ ተሳስታ ይሆናል" አለኝ። ደገምኩ። ጭራሽ ባሰባት! ጓደኞቼ ከኋላዬ ተሰልፈው ያያሉ። ኃላፊው ቁልፉን ኪሱ ከተተና "አዝናለሁ ወንድሜ፣ እንዲህ ሆነህ ሰው አስጭኜ አልልክህም" አለኝ።

ቤት ስገባ ጠጋ ብለሽ አሸተትሽኝ። "አሴቶን አሴቶን ትሸታለህ፣ እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ። ደግሞ ይኼ ምን የሚሉት መጠጥ ነው?" መጠጥ ከተውኩ ሦስት ዓመት እንዳለፈኝ እየማልኩልሽ፣ ልጃችንን ይዘሽ ወደ እናትሽ ቤት ሄድሽ። ቁልፉን ከመነጠቄ ይልቅ ልጄ ከታክሲው መስኮት ዞራ ማየቷ ባሰብኝ።

ከሰዓት በኋላ የድሮው መጠጥ ቤት በር ላይ ቆሜ ነበር። ከሰካራምነት ስም ካላመለጥኩ ለምን አልጠጣም ብዬ። አንድ ሰውዬ ከውስጥ ወጣና በሩን ይዞልኝ "ግባ እንጂ!" አለኝ። "እዚህ አካባቢ ክሊኒክ አለ?" አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ እኔ እንጃ። ሰውዬው ግራ ገባው፤ ግን መንገዱን አሳየኝ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ታሪኬን ሰምታ "ሰሞኑን ምንድን ነው የሚበሉት?" አለችኝ። ቦርጬን ላጥፋ ብዬ እንጀራውን፣ ዳቦውን፣ ሩዙን፣ ድንቹን፣ ስኳሩን እርም ማለቴን ነገርኳት። ቁርስ የለ፤ ከዚያ በኋላ ሥጋና እንቁላል ብቻ።

"ሰውነትዎ ዳቦና ሩዝ ሲያጣ ስቡን ማንደድ ይጀምራል" አለችኝ። "ስብ ሲነድ አሴቶን ይፈጠራል፣ በትንፋሽም ይወጣል። ከእሱ ጥቂቱን ሰውነት ራሱ ወደ አንድ ዓይነት አልኮል ሊለውጠው ይችላል። አንዳንድ መሣሪያ ደግሞ ይኼንን ከሚጠጣው አልኮል አይለይም።"

"ታዲያ የሰከረው ቦርጬ ነው?" አልኳት። እስኪያስነጥሳት ሳቀች።

ለኃላፊው ደውላ በማግስቱ መሣሪያዋን ይዞ እንዲመጣ ጠየቀችው። መጣ፣ እግዜር ይስጠው። እሱ እያየ ተነፈስኩ፤ ጮኸች። ወዲያው ደሜ ተቀዳ። ውጤቱ ሲመጣ ጠብታ አልኮል የለበትም! ኃላፊው ወረቀቱን ሁለቴ አነበበና አቀፈኝ።

ሐኪሟ "ሁለተኛ ለብቻዎ ምግብ እንዳይፈለስፉ" ብላ ተቆጥታኝ፣ ቁርሴንና ዳቦዬን በልክ መለሰችልኝ። ቀናት አልፈው ስተነፍስ ያቺው መሣሪያ ትንፍሽ አላለችም። ኃላፊው ሹፌሮቹን ሰብስቦ "በሰው ፊት የነጠቅኩህን በሰው ፊት ልመልስልህ" ብሎ ቁልፌን ሰጠኝ። መሣሪያዋም ልትቀየር ነው።

ይኼን ሁሉ የጻፍኩት ተሳስተሻል ልልሽ አይደለም። ድሮ ስንቴ እንደዋሸሁሽ አውቃለሁ፤ እምነት በደም ምርመራ እንደማይመለስም አይጠፋኝም። ቢሆንም ያን ቀን መጠጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ መመለሴን ከዓለም ሁሉ አንቺ ብቻ እንድታውቂልኝ ፈለግኩ።

ከሰኞ ጀምሮ አዲስ መስመር ተሰጥቶኛል፤ በእናትሽ ሰፈር በኩል ያልፋል። ፌርማታው ላይ ልጃችንን ይዘሽ ብትቆሚ፣ በሩን ከፍቼ ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር አስለቅቅላችኋለሁ። ባትቆሚም አይከፋኝም። ማክሰኞም የማልፈው በዚያው ነው።

ያንቺው ሹፌር