እንደ ሰሊጥ የሸፈንኋት ጀልባ

መተማ ዮሐንስ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ውድ ካፒቴን ቢሆነኝ፣ የእህቴ ልጅ፣

የምጽፍልህ ሐሚዳ ሱቅ ደጃፍ ቁጭ ብዬ ነው። እስከ ዛሬ ደብዳቤዎቼን ድንበር በሚሻገሩ ነጋዴዎች እጅ የላከችልህ እሷ ናት።

ባሕር በሌለበት አገር፣ ግቢዬ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ጀልባ ስትሠራ ያልቀለድሁብህ ቀን የለም። አንተ «ጣና ላይ በንፋስ ትሄዳለች» ስትል፣ እኔ ለአጨዳ ከጎጃም የመጡትን ሠራተኞች «ባሕሩ በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል፤ ቦታ ያዙ» አልኋቸው። አንዱ ቦታ ሊይዝ ድስቱን ተሸክሞ ሲመጣ በሳቅ ከመሰላል ወደቅህ።

ንፋስ የሚገፋላትን ሸራ ከካርቱም ልትገዛ የሄድህ ዕለት አንድ አደራ ሰጠኸኝ።

«ጋሼ፣ ፀሐይና ዝናብ ወለሏን እንዳይበላው በሰሊጡ ሸራ ይሸፍኑልኝ። ግን ከፍ አድርገው እንደ ድንኳን ይዘርጉት። ከሥሩ ንፋስ ካልገባ እንጨቱ ይበሰብሳል።»

«ሂድ ወዲያ! ሠላሳ መኸር ሰሊጥ የሸፈነን ሰው መሸፈን ታስተምራለህ?»

«ጀልባ ሰሊጥ አይደለችም፣ ጋሼ።»

«አንተም ካፒቴን አይደለህም» አልሁህ። ተሻገርህ። ወር ሳይሞላ ጦርነቱ ካርቱም ገባ፤ ስልክህም ተዘጋ።

እኔ እንደ ለመድሁት ሸራውን ከወለሏ ጋር አጣብቄ፣ በገመድ ጠፍሬ፣ ጫፉን በድንጋይ ጫንሁ። የተሸፈነ ሰሊጥ ጫኙ መኪና ሳይመጣ እንደማይከፈት ታውቃለህ፤ የከፈተ ሰው ዝናብ ይጠራል እንላለን። ስለዚህ አልከፈትሁም። አንተ መጥተህ ትከፍታታለህ አልሁ። ሦስት ክረምት «ጀልባህ ደህና ናት፣ ጠብታ አልነካትም» እያልሁ ጻፍሁልህ።

ባለፈው ሳምንት ኡመይር የሚባል ነጋዴ ከካርቱም መጣ። ያረፍህበትን ሰፈር ያውቀዋል። «እዚያ በሕይወት የቀረ ሰው የለም» አለ። ሐሚዳ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። እኔ ቤት ገብቼ ገመዱን ፈታሁት።

እርጥበቱ ታፍኖ ወለሏን ጨርሶታል። በጣቴ ብጫነው እንደ ራሰ ዳቦ ሰረጎደ። ዝናብ አይደለም፣ ፀሐይም አይደለም፤ እኔ ነኝ።

ትናንት አራት ቋሚ ተክዬ፣ እንዳልኸው እንደ ድንኳን ዘረጋሁት። ንፋሱ ከሥሩ ይገባል፣ ይወጣል። ሐሚዳ አይታ «አሁን ምን ያደርጋል፣ ፈንቴ?» አለችኝ። እኔ የአራተኛውን ቋሚ ገመድ ደግሜ አጠበቅሁ።

ይህን ደብዳቤ አንተ ጋ የሚያደርስ ሰው የለም። እዚያው ሸራው ሥር አኖረዋለሁ፤ ዝናብ አይደርስበትም።

ጀልባ ሰሊጥ አይደለችም። አንተም ካፒቴን ነህ። «ነበርህ» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

አጎትህ ፈንቴ